የዓይን አደራ

የአጎቴ የፈቂ አደም ሞት የደረሰኝ እዚህ ጅማ፣ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ የልጅ ልጄን የቁርኣን ሰሌዳ ሳጥብ ነው። ወሬውን ያመጣው ከአሶሳ በኩል ሙጫ ጭኖ የመጣ ነጋዴ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሰላምታውን አስረዘመ። የከብቱን ደህንነት ነገረኝ፣ የዝናቡን ነገረኝ፣ የማሽላውን ነገረኝ። የአገሬ ሰው ሰላምታ ሲያስረዝም ከኋላው የደበቀው ነገር አለ።

«ፈቂ አደምስ?» አልሁት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዐረፈ» አለኝ።

ጥቁሩ ውሃ ከሰሌዳው ላይ በክርኔ ወረደ። የኛ ቀለም ጥላሸትና ሙጫ ነው፤ በውሃ ሲርስ የጠቆረ ድስት ላይ ዝናብ የጣለበት ዓይነት ሽታ አለው። ኢንና ሊላሂ ብዬ ተቀመጥሁ። ዕንባዬ ገና ሳይመጣ ያ ሽታ ቀድሞ መንደራችን አደረሰኝ።

ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዘመኑ የአሶሳው ሹም ለአዲስ አበባው ንጉሥ ወርቅ መላክ ከጀመረ ብዙም ያልቆየበት ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ እኔን በወለደች ዓመት ሞታለች፤ አባቴን አላስታውሰውም። ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም ነው። በእኛ ዘንድ የእናት ወንድም ‹ኻሊ› ይባላል፤ ከመንጌ ጥቂት ራቅ ብላ ቀርከሃ በከበባት መንደር ልጆችን ቁርኣን የሚያስተምር ፈቂ ነበር። ‹አንተ› እያልሁት ነው ያደግሁት። አሁን በጽሑፍ ‹አንቱ› ብለው የማላውቀው ሽማግሌ ይሆንብኛልና አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

የኻሊ ዓይን የደከመው ቀስ እያለ ነው። አስቀድሞ የጠፋበት የሰሌዳው ነጥብ ነበር። የዐረብኛ ፊደል ደግሞ ነጥቡ ከጠፋ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ቁርኣኑን በልቡ ስለያዘ ሲያስቀራ አይሳሳትም፤ ልጆቹ የጻፉትን ማረም ግን አቃተው። ስለዚህ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ «ከላይ ሁለት ነጥብ፣ ከታች አንድ» እያልሁ እነግረው ጀመር። ፊደል የቆጠርሁት በዚያ ነው። ከነጥቡ ቀጥሎ ድንጋዩ ጠፋበት፣ ከድንጋዩ ቀጥሎ የሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ ወደ ወንዝ ስንወርድ እጁን ትከሻዬ ላይ ያኖራል፣ እኔ ከፊት እየሄድሁ ያለውን ሁሉ እጠራለሁ።

«ድንጋይ። ሥር። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ። በቀኝ በኩል ራሕማ አለች፤ ተቆጥታለች።»

«ይኼንንስ ሳይነግሩኝም አውቀዋለሁ» ይላል።

ራሕማ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከወንዙ አሸዋ ወርቅ እያጠበች የምታድር፣ ምላሷ ከምላጭ የማይተናነስ ሴት። ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ የሰሌዳ እጣቢ ሊጠጣ ኻሊ ዘንድ ሲመጣ ታያለችና፣ «ፈቂ፣ የሰውን ሆድ ታድናለህ፤ ያንተን ዓይን ማን ያድነው?» ትለው ነበር።

«የውሃ ጉድጓድ ራሱ ሲጠጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይላታል። ይሳሳቃሉ። የኻሊ ሚስት እማ ሐዋ ብቻ አትስቅም።

እኔ ያንን ሥራዬን እንዴት እወደው እንደነበር ምን ብዬ ልንገራችሁ? እማ ሐዋ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች ነበሯት። እነሱ በዚያ ቤት የሚኖሩት ልጆች ስለሆኑ ነው። እኔ ግን ነጥብ ስለማይ ነው የምኖረው ብዬ አስብ ነበር። ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም፤ ልጅ ለራሱ ሲሰላ ግን ማንንም አያማክርም።

የዚያ ዓመት ማሽላ በታጨደበት ሰሞን ከአሶሳ መልእክተኛ መጣ። ወርቁን ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ጉዞ የሚያሰግድለት ፈቂ ታሟልና አደም ይዘጋጅ ተባለ።

እማ ሐዋ፣ «ዓይኑ የደከመ ሰው ምን ሊያይላችሁ ነው?» አለችው።

«እንዲያሰግድ ነው እንጂ እንዲያይ ማን ጠራው?» አለ መልእክተኛው።

«እኔ እመራዋለሁ» አልሁ ከጓዳ።

በዚያ ዘመን ከአገራችን ወደ ደጋ የወጣች ሴት ልጅ ለባርነት ትሸጣለች እንጂ ስትመለስ አልታየችም። ያንን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ቀን የተሰማኝ የቤቱ ዝምታ ብቻ ነበር። እማ ሐዋ ሳትመልስልኝ ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ለዚያ ትልቅ ነበርሁ፣ እግሬ መሬት ይነካ ነበር።

በዚያው ሳምንት እማ ሐዋና ራሕማ ከቤት ጀርባ ለውዝ ሲፈለፍሉ እኔ ከቀርከሃው አጥር ወዲህ ቀለም እበጠብጥ ነበር።

«ዓይኑ ብቻ በተመለሰለት» አለች እማ ሐዋ፤ «ዘሐራን በማግስቱ ባምባሲ ያሉት የአባቷ ዘመዶች ዘንድ እሰዳት ነበር።»

ራሕማ፣ «አላህ ይስማሽ» አለች።

ዘሐራ እኔ ነኝ። ጥላሸቱን በውሃ አቀጠንሁት፤ ያን ቀን የተጻፈው ሁሉ ግራጫ ሆነ። ኻሊ ግን ያንን አላየም።

አሁን ስለ ልማዳችን ልንገራችሁ፤ በሌላ መንደር ይኑር አይኑር አላውቅም። ከኛ መንደር ሩቅ የሚሄድ ሰው የዓይን አደራ ይሰጠው ነበር። የቀሩት ተሰብስበው እዚያ አገር ካለው ሁሉ አንድ ነገር ይመርጡለታል፤ እሱም ሄዶ ያንን ያይላቸዋል። ሲመለስ አውድማ ላይ ቆሞ ያየውን ይናገራል፤ እሱን ሳይናገር ሌላ ወሬ አይጠየቅም። መንገደኛው ለራሱ መምረጥ አይችልም፤ ሚስቱም አትመርጥለትም፣ ባልና ሚስት አንድ ዓይን ናቸው ይባላልና። ለምን አንድ ብቻ ሆነ ብትሉ፣ ብዙ የተላከ ሰው አንዱንም ደህና አድርጎ አያይም ይባላል። ከዚህ ቀደም ሱዳን፣ ኦምዱርማን የሄደ አንድ ጎረቤታችን የእንፋሎት መርከቡን እንዲያይ ተልኮ፣ መንገድ ላይ ሰርግ አገኘና እዚያው ሲበላ ውሎ መርከቡ አመለጠው። ሰውዬው እስኪሞት ድረስ ‹ሰርገኛው› ተባለ፤ የልጅ ልጆቹ እንኳ የሰርገኛው ልጆች ናቸው።

ለኻሊ የተመረጠለት ማሽላ በተወቃበት ቀን ነው። መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ወቅቶ፣ ገንፎ በባምያ ወጥ ቀርቦ፣ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ያን ቀን ደግሞ ባሻ ተሰማ መጥቶ ነበር። ባሻ መንግሥት አሶሳ ያስቀመጠው የደጋ ወታደር ነው፤ ወርቁ መዘጋጀቱን ሊያይ በበቅሎ ይመጣል። ሥጋችንን ስለማይበላ በሶውን ከአቁማዳው ያወጣል፤ ገንፎውን ግን አይንቅም ነበር። ከመካከላችን አዲስ አበባን ያየ እሱ ብቻ ነው። የገበያ አማርኛ የምታውቀው ደግሞ ራሕማ ብቻ ነበረች፤ ቃሉን ወደኛ ቋንቋ የምትመልሰው እሷ ሆነች።

«ስንት ቀን ይሰነብታሉ ፈቂ?» አለ ባሻ።

«ወርቁን ካስረከቡ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈቀድላቸው» አለች ራሕማ።

«አንድ ቀን! በአንድ ቀን ምኑ ይታያል? አራዳ ገበያን ብቻ ዞሮ ለመጨረስ ሦስት ቀን አይበቃም። ጊዮርጊስ አለላችሁ፣ እሱ እንኳ ለናንተ አይሆንም። ግቢ ውስጥ ደግሞ ያለ ዘይት የሚነድ መብራት አለ፤ ቢነፉት አይጠፋም።»

ራሕማ ስትመልሰው፣ «ዘይት የማይፈልግ መብራት አለ ይላል። ዘይት ያልቆጠበች ሴት ያወራችው ወሬ ይመስላል» አለች።

«አንበሶችም አሉ» አለ ባሻ። «ታስረው፣ ሥጋ እየተጣለላቸው። ሲያገሱ ከተማው ሁሉ ይሰማል።»

ሕፃናቱ ተነሥተን ቆምን። እኔ አንበሳን የማውቀው በወሬ ብቻ ነው።

«ከግቢው ዝቅ ብሎ ደግሞ ፍልውሃ አለ። ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ውሃ ነው። ያበጠ ያድናል፣ የሻገተ ያድናል፣ ዓይን ያበራል ይላሉ። ዓይኑ የደከመ ሰው እየተመራ ሄዶ ብቻውን ሲመለስ አይቻለሁ እኔ በዓይኔ።»

ለእኔ ከተማዪቱ በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደች፣ ከሥሯም እሳት የሚነድባት ትልቅ ድስት መሰለችኝ፤ ሰዎቹ እግራቸው እንዳይቃጠል እየዘለሉ የሚሄዱባት። ራሕማ የባሻን ቃል ስትመልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ አንዳች አልጨመረችም። ቀና ብዬ እማ ሐዋን አየኋት። የያዘችውን ጭልፋ አንሥታ አላስቀመጠችውም። መናገር አትችልም፤ ልማዱ ይከለክላታል። ኻሊ ጢሙን ይዳስስ ነበር።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። መጀመሪያ ራሕማ ራሷ በአማርኛዋ ወደ ባሻ ዞራ፣ «አንተ ባሻ፣ ወርቅ የእኔ የሚገባ ቤቱ የት ነው? እሱ ቤት ይታይልኝ!» አለች።

ባሻ በሶው አነቀው። «እሱንስ እኔም አላየሁት» አለ።

ጎረምሶቹ መብራቱን አሉ። ሽማግሌዎቹ፣ «መብራት ለጨለማ ነው፤ የፈቂ ቀን አንድ ናት፤ በጠራራ ፀሐይ መብራት ሊያይ ነው?» ብለው አስተዉአቸው። ወንዶቹ ሁሉ አንበሳውን አሉ። ያኔ ራሕማ ጉልበቷን ይዛ ማቃሰት ጀመረች።

«ፍልውሃው ይታይልኝ! ወርቅ ሳጥብ የሞተ ጉልበቴ ነው፤ ውሃው ጉልበት ያድን እንደሆነ ፈቂ ገብቶ ይይልኝ» አለች።

«መቼ ታመመ ጉልበትሽ?» አላት አንዱ።

«አሁን!»

ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ፍልውሃው!» አሉ። ወንዶቹ «አንበሳው!» አሉ። እኩል ለእኩል ሆነ። እኩል ሲሆን ደግሞ ነገሩ ወደ መንደርተኛው አይመለስም፤ ከመንገደኛው ቤት ትንሹ ልጅ ይቆርጠዋል። ለትንሽ ልጅ የሚቀርለት ዕድሜ ረጅም ነው፤ ወሬውን ከሁሉ በላይ ይዞ የሚኖር እሱ ነው ይላሉ። የእማ ሐዋ ልጆች ከእኔ ይበልጡ ነበር።

«ዘሐራ ትናገር» ተባለ።

አስቡት እንግዲህ። እማ ሐዋ ታየኛለች። የባምባሲ ነገር በጆሮዬ አለ። ዓይኑ ከዳነ ነጥብ የሚያይለት አይሻም፣ ድንጋይ የሚጠራለት አይሻም፤ በማግስቱ ባምባሲ። ኻሊ ድምፄ ወደሚመጣበት ፊቱን አዞረ፤ ትንሽ ወደ ግራ ሳተኝ።

«አንበሳውን» አልሁ።

ወንዶቹ አጨበጨቡ። እማ ሐዋ ጭልፋውን አስቀመጠችና ገንፎ ልታወጣ ገባች። ኻሊ፣ «አማና ነው፤ አንበሳውን አያለሁ» አለ። አማና አደራ ነው፤ አንዴ ከተባለ በኋላ የሚነካው ነገር የለም።

ሲሄድ ጧት ነው። ከአህያው ጭነት ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ጫፍ አስያዙት። እስከ ወንዙ መሻገሪያ ሸኘሁት፤ ድንጋይ ባለበት ሁሉ «ድንጋይ» እያልሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ድንጋይ እንደሚጠራለት አልጠየቅሁም።

እማ ሐዋ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠጉሬን ስትሠራኝ፣ «ባምባሲ ለመሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ቀጠለች። «አክስቶችሽ ‹ለዒድ እንኳ ስደጂልን› ይላሉ፤ እኩዮችሽ ብዙ ናቸው፣ እዚያ ትጫወቺያለሽ። እዚህ እንደ አሮጊት ከፈቂ እግር ሥር ተቀምጠሽ ልጅነትሽ አለቀ። ዓይኑ ቢመለስ ከዒድ እስከ ዒድ ሰድጄሽ ትመለሽልኝ ነበር እያልሁ ነበር። ምን ይደረግ?»

ትመለሽልኝ አለች። ልትጥለኝ ሳይሆን ልታሳርፈኝ ነበር። ጠጉሬን አላመመኝም፤ አለቀስሁ ግን፤ እሷም ሹሩባው የጠበቀ መስሏት ፈታችው።

የዚያን በጋ ጸሎቴን አላህ ያውቀዋል። መጀመሪያ ኻሊ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ውሃው እንዲሄድ ለመንሁ። ኋላ ግን ሐሳቡን ከለወጠ አማና አፈረሰ ማለት ነው፣ አማና ማፍረስ ደግሞ ኃጢአት ነው። እንግዲህ እኔ ፈቂ ኃጢአት እንዲሠራ እየለመንሁ ነው! ደንግጬ ልመናዬን እንዲተውልኝ ሌላ ሁለት ረከዓ ሰገድሁ። በማግስቱ እንደገና ውሃውን ለመንሁ። እንዲህ እየሠራሁ እያፈረስሁ ሰነበትሁ። ወንዝ ስወርድ ዓይኔን ጨፍኜ መሄድ ለመድሁ፤ ሦስት ጊዜ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ። ራሕማ አሸዋዋን በወርቅ ማጠቢያው ገበታ እያዞረች እያየችኝ፣ «አንበሳሽ መጥቶ ያንሣሽ!» አለችኝ። ቆየችና ግን ገበታዋን አኑራ መጥታ አነሣችኝ።

የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ የቀርከሃው እንቡጥ መሬቱን ሲወጋ ተመለሱ። ኻሊ ከስቷል፤ እግሩ ቆስሏል። ገመዱን እንደያዘ ነው። አህያው ቆሞ ሳለ እንኳ ገመዱን አልለቀቀም፣ እኔ መጥቼ ትከሻዬን ከእጁ ሥር እስካስገባ ድረስ።

«አድገሻል» አለኝ።

አውድማው ላይ አረም በቅሎበት ነበር። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ኻሊ ቆሞ ቢስሚላህ አለ።

«አንበሳውን አይቼላችኋለሁ» አለ። «ውሸት ግን አልነግራችሁም። ፀሐይዋ ከፊቴ ነበረች። ያየሁት እንደተቆለለ ማሽላ ያለ ብጫ ነገር ነው። ክምር ነው ብዬ ቆምሁ። ከዚያ ክምሩ አዛጋ።»

ሕፃናቱ ጮኹ።

«ሽታው ከዝናብ የገባ የፍየል ቆዳ ነው። አንድ ጊዜ አገሣ። ድምፁ በጆሮ አይደለም የሚመጣው፤ በእግር ነው። መሬቱ ነገረኝ፣ ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ ሆዴ፤ ጆሮዬ በመጨረሻ ሰማ። ጠባቂው ሥጋ ወረወረለት። በልቶ ሲጨርስ የመዳፉን ውስጥ ይልስ ነበር፤ ሲልስ ሞረድ ድንጋይ ላይ ሲሄድ የሚሰማውን ይሰማል። ስመለስ ዘሐራ ትጠይቀኛለች ብዬ እስኪጨርስ ድረስ ቆምሁ።»

«የወርቄስ ቤት?» አለች ራሕማ።

«በሩን አገኘሁት መሰለኝ። ዝግ ነበር።»

ሰው ሁሉ በሣቅ ፈረሰ። አንበሳው ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሆነ፤ እስከ ክረምቱ አጋማሽ ልጆቹ በእግራቸው ሲያገሡ ነበር። እኔ ግን አላገሣሁም። ኻሊ ወደ ቤት ስወስደው የበሩን መቃን በግንባሩ መታው፤ ከመሄዱ በፊት መቃኑን ያይ ነበር።

ኻሊ ከተመለሰ ሦስት ቀን ሆነ። በአራተኛው ጧት ወደ ወንዝ ስንወርድ፣ መጥራት ያለብኝ ድንጋይ ፊት ቆምሁና፣ «ኻሊ፣ ውሃውን ትቼ አንበሳ ያልሁት ዓይንህ እንዳይድን ነው» አልሁት።

እጁ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ነው፤ አላነሣውም።

«ከዳነ ባምባሲ ትሰዱኛላችሁ ብዬ ነው» አልሁ።

ተቀመጠ። ድንጋዩን ሳልነግረው አገኘው። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀ ነው።

«አንቺ ልጅ» አለኝ፤ «ይኼንን ይዘሽ ነው በጋውን ሁሉ የከረምሽው? ስሚኝ። ከአንበሳው ስንመለስ በፍልውሃው በኩል አለፍን። አደራዬ ስላልነበረ አልገባሁም፤ ጓደኞቼ ሲታጠቡ ከዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ነካኝ፤ ደስ ይላል። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የደጋ ክርስቲያን ናቸው፣ ዓይናቸው እንደኔ ነው። አንቺን የምታህል ልጅ ትመራቸዋለች። ‹ስንት ጊዜ መጡ?› አልኋቸው። ‹ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ› አሉ። ‹ዓይንዎስ?› አልሁ። ‹ዓይኔ እንደነበረ ነው፤ ጉልበቴ ግን እንደ ሚዳቋ ሆኗል› አሉኝ።»

እጁን ራሴ ላይ አደረገ።

«ውሃው የጉልበት ነው እንጂ የዓይን አይደለም። አየሽ፣ አንቺ ያስቀረሽው የራሕማን ጉልበት ነው። ሂጂና እሷን ይቅርታ ጠይቂ።»

ሮጬ ሄድሁ። ራሕማ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማለች።

«ራሕማ፣ ስለ ጉልበትሽ አውፍ በይኝ!»

«ጉልበቴ? ምን ሆነ ጉልበቴ?» አለች፤ ጎንበስ ብላም አየችው። ከዚያ ቀና ስትል ኻሊን ከዳገቱ ላይ ተቀምጦ አየችው፤ ወዲያው እንደማቃሰት ብላ፣ «አዎን፣ ጉልበቴ... አውፍ ብያለሁ፤ ይቅር» አለችኝ።

ያን ቀን የቀለለኝን ያህል ከዚያ በኋላ ቀሎኝ አያውቅም። ለመጪው ዒድ ባምባሲ ሄድሁ፤ ሄጄም ተጫወትሁ፤ ተመልሼም ነጥብ አየሁለት።

እንግዲህ የሞቱ ወሬ በደረሰኝ ሰሞን፣ ሰው ለተዕዚያ ገብቶ ሲወጣ፣ ይህን ታሪክ ለልጅ ልጄ እያወራሁ ነበር። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰምታ ስትጨርስ፣ «ኻሊ ያን ጊዜ አማርኛ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

አያውቅም ነበር። አማርኛ የለመደው ስንትና ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ የሚያውቀው የኛን ቋንቋና ዐረብኛ ብቻ ነው። ፍልውሃ ዳር የተቀመጠ የደጋ ክርስቲያን ሽማግሌ በምን ቋንቋ ስለ ጉልበቱ አወራው? አርባ ዓመት ሙሉ ያን ሽማግሌ ከነልጅቱ በዓይኔ እያየሁት ስኖር ይህን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። የተሸከመ ሰው ሸክሙን ሲያወርዱለት ማን አወረደልኝ ብሎ አይዞርምና።

ስለዚህ ይህን የጻፍሁት ለናንተ ነው፤ በዚያ በጋ ወርቁን ይዛችሁ ከአሶሳ ከወጣችሁት መካከል አላህ ዕድሜ ለሰጣችሁ። ያን ጊዜ ጎረምሶች ነበራችሁ፤ ዛሬ እንደኔ አርጅታችኋል። ከናንተ አማርኛ የሚችል፣ በፍልውሃው ዳር በኻሊና በሽማግሌው መካከል ቃል ያሻገረ ሰው ካለ ወሬ ይላክልኝ። ጅማ ለሚመጣ ነጋዴ ብትነግሩት ይደርሰኛል። ሽማግሌው ነበሩ? ልጅቱስ ነበረች? ወይስ ኻሊ ያን ጧት ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ለእኔ ብሎ ፈጠራቸው? ውሸት አልነግራችሁም ብሎ አውድማ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ለእኔ ሲል ያንን አፍርሶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። አላዝንም፤ እውነቱን ንገሩኝ።

ዱዓ ባደረግሁ ቁጥር ከሙታኖቼ ጋር እኒያንም ሽማግሌ እጠራ ነበር፤ ስማቸውን ስለማላውቅ ‹እኒያ ጉልበታቸው የዳነው› እያልሁ። ከነበሩ ስማቸውን ላኩልኝ፤ በስማቸው እጠራቸዋለሁ። ካልነበሩ ደግሞ ያንኑ ላኩልኝ፤ የአርባ ዓመት የዱዓ ድርሻቸውን ወደ ኻሊ አዞረዋለሁ።